ከባሮ ዳር እስከ ጎደሬ ኮረብታ፦ አነስተኛ የውሃ ኃይል ማመንጫ የት ያዋጣል?

ከአዲስ አበባ በስተምዕራብ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ርቃ በባሮ ወንዝ ዳር የተቆረቆረችው የጋምቤላ ከተማ የውሃ ድኻ አይደለችም። በድልድይዋ ሥር የሚያልፈው ባሮ በዓመት ከ10 ቢሊዮን ሜትር ኩብ በላይ ውሃ ተሸክሞ ወደ ደቡብ ሱዳን ይወርዳል። በክልሉ ውስጥ ከባሮ ሌላ አልዌሮ፣ ጊሎና አኮቦ ይፈሳሉ። ይህን ሁሉ ውሃ የተመለከተ ሰው፣ ከከተማው ወጣ ባሉት ቀበሌዎች ማታ ማታ ኩራዝ ሲበራ፣ ሴቶችም በቆሎና ማሽላ በሙቀጫ ሲወቅጡ ባየ ጊዜ፣ «ወንዙ ምን ይሠራል?» ብሎ መጠየቁ አይቀርም።

ጥያቄው ተገቢ ነው። ዛሬም በልማድ ገበሬ ማኅበር እየተባለ የሚጠራውን ቀበሌ የሚመሩ ሰዎች ግን ጥያቄውን በሌላ መልክ ቢያቀርቡት ይበልጥ ይጠቅማቸዋል። ይኸውም «ወንዝ አለን ወይ?» ሳይሆን «ወንዛችን ከየት ወደ የት ይወርዳል? በበጋስ ምን ያህል ይቀረዋል?» የሚለው ነው። አነስተኛ የውሃ ኃይል ማመንጫ የሚያዋጣውና የማያዋጣው ቀበሌ የሚለየው በእነዚህ ሁለት ጥያቄዎች ነውና።

ውሃው ብዙ፣ ቁልቁለቱ ጥቂት

ውሃ ኃይል የሚሰጠው በመብዛቱ ብቻ ሳይሆን ከከፍታ ወደ ዝቅታ በመውረዱም ጭምር ነው። አንድ ሜትር ኩብ ውሃ አንድ ቶን ይመዝናል። ይህ ክብደት በቧንቧ ተይዞ ከኮረብታ ላይ ቁልቁል ሲለቀቅ ከታች የተተከለውን ተርባይን በብርቱ ይመታል፤ ተርባይኑም ጄኔሬተሩን ያዞራል። ያው ውሃ በሜዳ ላይ ተንጣልሎ ሲሄድ ግን ግፊቱ እጅግ ደካማ ነው።

ጎሬ ከባሕር ወለል በላይ 2,000 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ትገኛለች። ከጎሬ ተነስቶ በቡሬ በኩል ወደ ጋምቤላ የሚጓዝ መንገደኛ 500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ እስኪደርስ ድረስ ያለማቋረጥ ይወርዳል። ብርዱ በሙቀት፣ ጥቅጥቅ ያለው ደን በሣር ሜዳ ይተካል። ወንዞቹም ይህንኑ ቁልቁለት ነው የሚወርዱት። ከጋምቤላ ከተማ አልፎ በኢታንግ በኩል እስከ ጂካዎ ጠረፍ ድረስ ግን መሬቱ የሚወርደው አንድ መቶ ሜትር ቢሆን ወይም ጥቂት ቢበልጥ ነው፤ ለዚያውም ከመቶ ኪሎ ሜትር በሚበልጥ ርቀት ተከፋፍሎ። ስለዚህ ባሮ ወደ ጋምቤላ የሚደርሰው አብዛኛውን ኃይሉን በደጋው አፋፍ ላይ ጥሎ ነው ማለት ይቻላል።

ከደጋው አፋፍ ላይ ይህንን ኃይል በመጠኑ የሚጠቀሙ ሁለት አነስተኛ ጣቢያዎች ከተሠሩ ከሠላሳ ዓመት በላይ ሆኗቸዋል። አንደኛው በኢሉባቦር በመቱ አቅራቢያ በሶር ወንዝ ላይ የተሠራውና 5 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ያለው የሶር ጣቢያ ነው። ሶር ወደ ገባ፣ ገባ ከብርብር ጋር ተገናኝቶ ወደ ባሮ ስለሚገባ፣ የሶርን ተርባይን ያዞረው ውሃ ከቀናት በኋላ በጋምቤላ ድልድይ ሥር ያልፋል። ሁለተኛው በሚዛንና በቴፒ አካባቢ በጊሎ ወንዝ ላይ የተሠራው የደምቢ ጣቢያ ሲሆን አቅሙ 800 ኪሎዋት ነው። ጊሎም ቁልቁል ወርዶ በፉኝዶ በኩል የጋምቤላን ሜዳ አቋርጦ ይሄዳል። ሁለቱም ሥራ የጀመሩት በ1982 እና በ1983 ዓ.ም. አካባቢ ነው።

እንግዲህ የጋምቤላ ወንዞች ለአነስተኛ ኃይል ማመንጫ እንግዶች አይደሉም። ሥራው የተሠራው ውሃው በሚወርድበት ቦታ እንጂ በሚተኛበት ቦታ አለመሆኑን ነው መገንዘብ የሚያስፈልገው።

በክልሉ ውስጥም ቢሆን ቁልቁለት የለም ማለት አይደለም። በመዠንግር ዞን በጎደሬና በመንገሺ ወረዳዎች ከ1,000 ሜትር በላይ ከፍታ ያላቸው፣ በደን የተሸፈኑ፣ ከየሸለቆው ጅረት የሚፈልቅባቸው ኮረብታዎች ይገኛሉ። ገበሬው ቡና ይለቅማል፣ በዛፍ ላይ ቀፎ ሰቅሎ ማር ይቆርጣል፣ በቆሎና ሥራ ሥር ያመርታል። አነስተኛ የውሃ ኃይል በክልሉ ቀበሌዎች ውስጥ ቦታ ሊያገኝ የሚችለው በመጀመሪያ ደረጃ እዚህ ነው። በሜዳው ላይ ስላሉት ቀበሌዎች ደግሞ ወደ ኋላ ይነሳል።

መርከቡ በክረምት፣ ተርባይኑ በበጋ

ጋምቤላ ቀድሞ የምትታወቀው በወደብነቷ ነበር። በ1894 ዓ.ም. በተፈረመው ውል መሠረት በባሮ ዳር ለንግድ ጣቢያ የሚሆን ቦታ ለእንግሊዞች ተሰጥቶ፣ ከካርቱም የሚነሱ የእንፋሎት መርከቦች ጨውና ጨርቅ አራግፈው የኢሉባቦርንና የወለጋን ቡና ጭነው ይመለሱ ነበር። ይህ ሁኔታ ሱዳን ነፃነቷን እስካገኘችበት እስከ 1948 ዓ.ም. ድረስ ቆይቷል። መርከቦቹ ታዲያ ዓመቱን በሙሉ አይመጡም። ወንዙ የሚሞላበትን ክረምት ጠብቀው መጥተው፣ ሳይጎድል መመለስ ነበረባቸው። ዘግይቶ የቀረ መርከብ እስከ ሚቀጥለው ክረምት አሸዋ ላይ ተቀምጦ ይከርማል።

ለመርከብ የሚያስፈልገው የክረምቱ ውሃ ነው። ለኃይል ማመንጫ ግን ወሳኙ የበጋው ውሃ ነው። ነሐሴና መስከረም ላይ ሲያጓራ የሚሰማው ጅረት የካቲትና መጋቢት ላይ ልጅ የሚሻገረው ይሆናል። ብዙ ጊዜ ስሕተት የሚፈጸመው እዚህ ላይ ነው። አጥኚው በመኪና መግባት የሚችለው ዝናቡ ባባራበት ወቅት፣ ጅረቱ ገና ሳይጎድል ስለሆነ፣ በኅዳር የተለካው ውሃ በመጋቢት ይኖራል ተብሎ ይታሰብና ከውሃው አቅም በላይ የሆነ ማሽን ይገዛል። ማሽኑም በዓመት ውስጥ ለአራትና ለአምስት ወር ሥራ ፈት ሆኖ ይቆማል። ልብ ማለት የሚገባው፣ ባለሙያ ከመምጣቱ በፊት ቀበሌው ራሱ የበጋውን ውሃ ለክቶ መዝግቦ ቢቆይ፣ ከማንኛውም ማመልከቻ የበለጠ ክብደት ያለው ማስረጃ ይዞ መቅረቡን ነው።

አለካኩ ቀላል ነው። ጅረቱ ቀጥ ብሎ ከሚሄድበት ቦታ ላይ አሥር ሜትር ተለክቶ በሁለቱም ጫፍ ችካል ይተከላል። ከላይኛው ችካል ግማሹ ውሃ የተሞላ የታሸገ ጠርሙስ ይለቀቅና የታችኛው ችካል ዘንድ እስኪደርስ የሚፈጀው ጊዜ በሰዓት ይያዛል። ይህ ቢያንስ አምስት ጊዜ ተደጋግሞ አማካዩ ይወሰዳል። ከዚያም የጅረቱ ስፋትና በየቦታው ያለው ጥልቀት ይለካል። ለምሳሌ የጅረቱ ስፋት 3 ሜትር፣ አማካይ ጥልቀቱ 20 ሴንቲ ሜትር ቢሆንና ጠርሙሱ አሥሩን ሜትር በ20 ሰከንድ ቢጨርስ፣ የላይኛው ውሃ በሰከንድ ግማሽ ሜትር ይጓዛል ማለት ነው። ከሥር ያለው ውሃ በድንጋይና በጭቃ ስለሚያዝ ከላይኛው ይዘገያል፤ ስለዚህ ከተገኘው ፍጥነት ሩብ ያህሉ ተቀንሶ ሦስት አራተኛው ብቻ ይያዛል። በዚህ ስሌት ጅረቱ በሰከንድ 225 ሊትር ያህል ይሰጣል።

ቁልቁለቱን ለመለካት ደግሞ አሥር ሜትር ያህል ብርሃን የሚያሳልፍ የላስቲክ ቱቦና ሁለት ሰው ይበቃል። በቱቦው ውስጥ ያለ ውሃ በሁለቱም ጫፍ ምንጊዜም እኩል ከፍታ ላይ ይቆማል። ከላይ ያለው ሰው የቱቦውን ጫፍ መሬት አስጠግቶ ሲይዝ፣ ከታች ያለው ሰው ዘንግ አቁሞ ውሃው በቱቦው ውስጥ እስከየት ድረስ እንደቆመ ያነባል። ከዚያ ወደሚቀጥለው ቦታ እየወረዱ የተገኘውን እየደመሩ መሄድ ነው። የአንድ ትምህርት ቤት መምህርና ሁለት ተማሪዎች በግማሽ ቀን ሊጨርሱት ይችላሉ።

ከእነዚህ ሁለት ልኬቶች ኃይሉን መገመት ይቻላል። የውሃው መጠን በሊትር፣ ቁልቁለቱ በሜትር ተባዝቶ ለ200 ሲካፈል በግምት ኪሎዋቱን ይሰጣል። ከላይ ከተጠቀሰው ጅረት ግማሹ ለወንዙ ተትቶ 110 ሊትር ቢወሰድና ውሃው 12 ሜትር ቢወርድ፣ የሚገኘው ኃይል 6 ኪሎዋት ተኩል ያህል ነው።

6 ኪሎዋት ተኩል ምን ይሠራል?

ለከተማ ሰው ይህ ምንም ነው። እንጀራ የሚጋገርበት አንድ የኤሌክትሪክ ምጣድ ብቻውን ከ3 ኪሎዋት በላይ ይወስዳልና፣ ሁለት ምጣድ ከተለኮሰ አለቀ። ለአንድ የገጠር ቀበሌ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ዛሬ በገበያ የሚገኘው ኤል ኢ ዲ አምፖል የሚወስደው 5 ዋት ያህል በመሆኑ፣ 200 አባወራ እያንዳንዱ ሦስት አምፖል ቢያበራ ጠቅላላው 3 ኪሎዋት ብቻ ነው። የቀረው ለትምህርት ቤት፣ ለጤና ኬላ መብራትና ለክትባት ማቀዝቀዣ ይበቃል። ቀን ቀን መብራት ስለማያስፈልግ ያው ኃይል አነስተኛ ወፍጮ ሊያንቀሳቅስ ይችላል።

ከሁሉም አስቀድሞ ሊታሰብ የሚገባው ወፍጮው ነው። በጋምቤላ ገጠር እህል መውቀጥና መፍጨት የሴቶች ሥራ ነው፤ በየቀኑ ጉልበትና ሰዓት ይበላል። በናፍጣ የሚሠራ ወፍጮ ባለበት ቦታ ደግሞ ነዳጁ ከሩቅ ተጭኖ የሚመጣ በመሆኑ፣ በክረምት መንገዱ በጭቃ ሲዘጋ ወፍጮውም ይዘጋል። የውሃ ወፍጮ ግን በክረምት ነው ይበልጥ የሚበረታው። ከዚህም ሌላ ጣቢያው በእግሩ እንዲቆም የሚያደርገው የወፍጮው ገቢ ነው። ከመብራት ብቻ የሚሰበሰበው መዋጮ አነስተኛ ስለሆነ ለጠባቂ ደመወዝ እንኳን አይበቃ ይሆናል።

በአገራችን ማኅበረሰቡ በራሱ የሚያስተዳድራቸው ጣቢያዎች በሲዳማ ተሞክረዋል። በ2000ዎቹ የመጀመሪያ ዓመታት በጀርመን መንግሥት የቴክኒክ ተራድኦ ድርጅት ድጋፍ በጎበቾ ሁለት፣ በኤረርቴና በሀጋራ ሶዲቻ አንዳንድ፣ በጠቅላላው አራት ጣቢያዎች ተሠርተዋል። ትንሹ 7 ኪሎዋት፣ ትልቁ 55 ኪሎዋት ሲሆን የአራቱ ድምር 125 ኪሎዋት ያህል ነው። ከሶር ጋር ሲነጻጸር አርባኛ እጅ መሆኑ ነው። አሠራሩ አንድ ዓይነት ነው፦ ወንዙን ሙሉ በሙሉ የሚዘጋ ግድብ የለም። በዝቅተኛ መከተሪያ የተቀለበሰው ውሃ በቦይ ተጉዞ፣ ደለሉ ከሚዘቅጥበት ገንዳ ደርሶ፣ በቧንቧ ቁልቁል ወርዶ ተርባይኑን ካዞረ በኋላ ወደዚያው ወንዝ ይመለሳል።

ለአንድ ቀበሌ መሪ ከማሽኑ ይልቅ የሚከብደው አስተዳደሩ ነው። ማን ያስከፍላል? ገንዘቡ የት ይቀመጣል? የማይከፍለው ዘመድ ቢሆንስ? ማሽኑ ሲያረጅ የኳስ መሽከርከሪያውና ቀበቶው በማን ገንዘብ ይገዛል? እነዚህ ጥያቄዎች ሲሚንቶ ከመፍሰሱ በፊት በስብሰባ ካልተመለሱ፣ ጣቢያው ሲመረቅ የተጨበጨበውን ያህል ሲቆም የሚጠይቅ ሰው አይገኝም። በ2009 ዓ.ም. የወጣው የኅብረት ሥራ ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 985 ነዋሪው ተደራጅቶ ሕጋዊ ሰውነት እንዲኖረው በር ይከፍታል። ኤሌክትሪክ አመንጭቶ መሸጥ ደግሞ በኢነርጂ አዋጅ ቁጥር 810/2006 መሠረት ፈቃድ የሚጠይቅ ሥራ በመሆኑ፣ ጉዳዩን አስቀድሞ ለወረዳው የውሃና ኢነርጂ ባለሙያዎች ማቅረብ ያስፈልጋል። በኮሚቴው ውስጥ ሴቶች ይግቡ የሚባለውም ለይስሙላ አይደለም፤ ወፍጮው ሲቆም መጀመሪያ የሚያውቁትና የሚጎዱት እነሱ ናቸው።

በጋምቤላ ደግሞ አንድ የተለየ ሁኔታ አለ። የመዠንግር ገበሬ በደኑ ውስጥ ተራርቆ ነው የሚሰፍረው። ትራንስፎርመር የሌለው ዝቅተኛ መስመር ከማመንጫው አንድ ወይም ሁለት ኪሎ ሜትር ካለፈ ኃይሉ በመንገድ ላይ ያልቃል፤ አምፖሉም ፍም ይመስላል። ስለዚህ ሽቦ ወደ እያንዳንዱ ቤት ከመጎተት ይልቅ ወፍጮውን፣ ጤና ኬላውንና ትምህርት ቤቱን በአንድ ቦታ አሰባስቦ ኃይል መስጠትና የራቁት ቤቶች ባትሪያቸውንና ስልካቸውን እዚያው እንዲሞሉ ማድረግ ይሻላል።

«ዋናው መስመር ሲመጣስ ልፋቱ ከንቱ አይቀርም ወይ?» የሚል ጥያቄም ሊነሳ ይችላል። ሥጋቱ መሠረት አለው። በሺህ የሚቆጠሩ የመንደር ማመንጫዎች በተሠሩባት ኔፓል፣ የመንግሥት መስመር በደረሰባቸው መንደሮች የተተዉ ጣቢያዎች አሉ። ይሁንና በዚያችው አገር በ2010 ዓ.ም. 23 ኪሎዋት ብቻ የሚያመነጭ አንድ የመንደር ጣቢያ ከዋናው መስመር ጋር ተያይዞ ኃይሉን መሸጥ ጀምሯል። ቻይናም በ1970ዎቹ አጋማሽ መቶ የገጠር ወረዳዎችን መርጣ በአብዛኛው በአነስተኛ የውሃ ኃይል መብራት ስታስገባ፣ ጣቢያዎቹ ቀስ በቀስ ከመስመር ጋር እየተያያዙ እንዲሄዱ ነበር ያደረገችው። ስለዚህ ሲታቀድ የሚገዛው ጄኔሬተር ወደፊት ሊያያዝ የሚችል ዓይነት መሆኑን ባለሙያውን መጠየቅ አይከፋም።

ደኑ የጣቢያው ግማሽ አካል ነው

አነስተኛ ጣቢያ ደን ያድናል ሲባል ብዙ ጊዜ የሚሰጠው ምክንያት ሰው በማገዶ ፈንታ በኤሌክትሪክ ያበስላል የሚል ነው። ይህ ለ6 ኪሎዋት ጣቢያ እውነት አይደለም። ስለ ምጣዱ ከላይ የተነገረው ይበቃል። ማገዶው ይቀጥላል፤ ለዚያ ቁጠባ ምድጃና የማገዶ ዛፍ ተከላ ነው መፍትሔው።

ግንኙነቱ በሌላ በኩል ነው። ትልቅ ግድብ ያለው ጣቢያ የክረምቱን ውሃ አጠራቅሞ ለበጋ ያቆያል። አነስተኛው ጣቢያ ግን ማጠራቀሚያ የለውም። የእሱ ማጠራቀሚያ ከበላዩ ያለው ደን ነው። ቅጠሉ የዝናቡን ዱላ ያበርዳል፣ ሥሩና የረገፈው ቅጠል ውሃው ወደ መሬት እንዲሰርግ ያደርጋል፣ የሰረገውም በበጋ በምንጭ መልክ ቀስ እያለ ይወጣል። ደኑ ሲመነጠር ዝናቡ በአንድ ጊዜ ጎርፍ ሆኖ አፈሩን ይዞ ይሄዳል። ቦዩ በደለል ይሞላል፣ አሸዋው የተርባይኑን ስለት ይበላል፣ በመጋቢትም ጅረቱ ይነጥፋል። በአዲስ አበባ አቅራቢያ ያለው 6.6 ሜጋ ዋት የአባ ሳሙኤል ጣቢያ ሐይቁ በደለልና በከተማ ቆሻሻ ተጎድቶ ለአርባ ዓመት ያህል ቆሞ ቆይቶ፣ በቻይና መንግሥት እርዳታ ታድሶ ሥራ የጀመረው በ2009 ዓ.ም. ነው። አንድ ቀበሌ ግን እንዲህ ያለ አዳሽ አያገኝም።

የጋምቤላን ወንዞች የሚመግቡት የምዕራብ ኢትዮጵያ ደኖች በዓለም አቀፍ ደረጃ ዋጋቸው የታወቀ ነው። ዩኔስኮ የያዩን ደን በ2002፣ የሸካን በ2004፣ ከ200,000 ሄክታር በላይ የሆነውን የመዠንግርን ደን ደግሞ በ2009 ዓ.ም. በሰውና ሕይወት መጠበቂያ ስፍራነት መዝግቧል። መዝገብ ብቻውን ግን ዛፍ አያስጥልም። በጎደሬ በ2000ዎቹ መጀመሪያ የደን መሬት ለሻይ ልማት በሊዝ በተሰጠ ጊዜ ነዋሪው ቅሬታውን እስከ አገሪቱ ፕሬዚደንት ድረስ አድርሶ እንደነበር ይታወሳል። በዚያን ጊዜ ነዋሪው የተከራከረው ስለ ማሩ፣ ስለ ቡናውና ስለ አባቶቹ መሬት ነበር። ጅረቱ ወፍጮና መብራት በሚሰጥበት ቀበሌ ግን ለደኑ የሚቆም ሰው በቁጥር ይጨምራል። ንብ የማያነባው፣ ቡና የማይለቅመው ሁሉ ስለ ምንጩ ይገደዋል። የሚሰበሰበው ክፍያ አንድ ክፍል ለላይኛው ተፋሰስ ጥበቃ እንዲውል በመተዳደሪያ ደንቡ ውስጥ ቢጻፍ ይህ መተሳሰር ይጠነክራል።

አነስተኛው ጣቢያ ለወንዙ ለራሱም የዋህ ነው። በባሮና በጊሎ ዳር የሚኖሩት አኝዋዎች ወንዙ ሞልቶ በሸሸ ጊዜ በረጠበው ዳርቻ ላይ በቆሎ ይዘራሉ፤ ኑዌሮች ከብቶቻቸውን በበጋ ወደዚያው ሣር ያወርዳሉ፤ ዓሣውም በሙላቱ ነው የሚራባው። በባሮ ላይ በመቶ በሚቆጠር ሜጋ ዋት የሚለኩ ግድቦች ጥናት ተደርጓል። እነዚያ ቢሠሩ የሙላቱን ጊዜና መጠን ስለሚለውጡ የታችኛው ነዋሪ አስቀድሞ ሊመከርበት ይገባል። ውሃውን ወስዶ ከመቶ ሜትሮች በኋላ የሚመልስ የመንደር ጣቢያ ግን ሙላቱን አይነካም።

ይህ ማለት ጥንቃቄ አያስፈልገውም ማለት አይደለም። ከመከተሪያው እስከ መመለሻው ባለው ርቀት ወንዙ ጨርሶ እንዳይደርቅ ውሃ መተው ግዴታ ነው፤ በዚያ መካከል የሚቀዳ ሰውና የሚጠጣ ከብት ካለም ስምምነቱ በጽሑፍ ይሁን። በገንዳውና በቦዩ ዳር የቆመ ውሃ የወባ ትንኝ ያረባል። በተቃራኒው በሲሚንቶ ላይ በፍጥነት የሚንደረደር ውሃ ኦንኮሰርካ የተባለውን ዓይን የሚያጠፋ በሽታ የምታስተላልፈውን ጥቁር ዝንብ ይስባል። በሽታው በምዕራብ ኢትዮጵያ ወንዞች ዳር የታወቀ በመሆኑ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ቦታው ሲመረጥ ጀምሮ ብትገኝ ጥሩ ነው።

ለሜዳው ቀበሌዎችስ?

በኢታንግ፣ በጂካዎ፣ በጆርና በአኮቦ ሜዳ ለሚገኙ ቀበሌዎች ቁልቁለት ስለሌላቸው የተነገረው ዓይነት ጣቢያ አይሆናቸውም። ይህን በግልጽ መናገር ተስፋ ከመስጠት ይሻላል። ለጤና ኬላና ለመጠጥ ውሃ ፓምፕ ዛሬ ዋጋው እየወረደ የመጣው የፀሐይ ኃይል ይቀርባቸዋል። ቁልቁለት ሳይፈልግ በወንዝ ጉዞ ብቻ የሚዞር መሣሪያም አለ። በ1970ዎቹ መጀመሪያ አንድ የእንግሊዝ የቴክኖሎጂ ድርጅት በጁባ አቅራቢያ በነጭ ዓባይ ላይ በጀልባ የታሰረ ተርባይን ሞክሮ፣ የወንዙ ሩጫ ፓምፕ እያንቀሳቀሰ ዳር ያለውን የአትክልት ቦታ ለማጠጣት በቅቷል። መሣሪያው ቢያንስ በሰከንድ አንድ ሜትር ገደማ የሚጓዝና ጥልቀት ያለው ውሃ ይፈልጋል፤ ወንዙ የሚያመጣው ሣርና ግንድም ያስቸግረዋል። ጁባና ጋምቤላ በአየርም በወንዝም ጎረቤት ናቸውና፣ በባሮ ዳር አትክልት የሚያለማ ማኅበር ስለዚህ መሣሪያ ባለሙያ ቢያማክር ጊዜውን አላባከነም።

የአልዌሮም ነገር ሳይነሳ አይታለፍም። በአቦቦ በሶቭየት ኅብረት እርዳታ ለመስኖ የተሠራው ይህ ግድብ ውሃ ይዞ፣ ቦዮቹ ሳይቆፈሩ ለረጅም ዓመታት ተቀምጧል። ግድቡ አልቆ ቦዩ ከቀረ ግድቡ የዓሣ ማጥመጃ ነው። በመንደር ጣቢያም እንዲሁ ነው፤ ተርባይኑ ተተክሎ የወፍጮው ቤት ሳይሠራ፣ ወይም ወፍጮው ተገዝቶ የሚጠብቀው ልጅ ሳይሠለጥን የሚቀር ሥራ አለና፣ ገንዘቡ የሚጠየቀው ለሙሉው ሥራ ይሁን።

በጎደሬና በመንገሺ ጅረት ያላቸው ቀበሌዎች ለመጀመር የማንንም እርዳታ መጠበቅ የለባቸውም። በጅረቱ ዳር በሴንቲ ሜትር የተሰመረ እንጨት ይተከል። ከታኅሣሥ እስከ ሚያዝያ በየሳምንቱ በአንድ የተወሰነ ቀን፣ ቢቻል ገበያ ከሚውልበት ቀን ማግሥት፣ የቀበሌው ጸሐፊ ወይም አንድ መምህር ውሃው የደረሰበትን ቁጥርና የጠርሙሱን ሰዓት በደብተር ይጻፍ። ደብተሩ ሁለት በጋ ሲሞላ ከቁልቁለቱ ልኬት ጋር ተያይዞ ወደ ወረዳው ይወሰዳል፤ ከእሱም አንድ ግልባጭ በቀበሌው ጽሕፈት ቤት ይቀመጣል።